መጀመሪያ ምሳው፣ ከዚያ ባቡሩ

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁም፣ ልጆች አስተኝታችሁ የመጣችሁም አላችሁ፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «አውሮፓን ያለ አስጎብኚ መዞር» የሚል ነበር። ርዕሱ ሰፊ ነው፤ እኔ ደግሞ ያላየሁትን ማውራት አልወድም። ስለዚህ አጠበብኩት። የማወራችሁ ስለ ጣሊያን ነው። ደጋግሜ ሄጃለሁ፣ ሁልጊዜም በባቡር ነው የዞርኩት፤ መኪና ተከራይቼ አላውቅም። ከዚህ ከሙኒክ ጠዋት በዩሮሲቲ ባቡር የተነሣ ሰው የብሬነርን ተራራ ተሻግሮ ምሳውን ቬሮና መብላት ይችላል። ይህን ያህል ቅርብ ነው። ብዙዎቻችን ግን ዓመት ሙሉ ቆጥበን በአስጎብኚ አውቶቡስ እንሄዳለን። በሦስት ቀን ሮምን፣ ፍሎረንስንና ቬኒስን በመስኮት አይተን፣ አውራ ጎዳና ዳር ሳንድዊች በልተን እንመለሳለን። ይህ ያንገበግበኛል። ገንዘቡ የላባችሁ ነው፤ የዓመት ፈቃዳችሁም በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው።

ዛሬ ይዤ የመጣሁት ሐሳብ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ምሳውን ወስኑ፣ ከዚያ ባቡሩን። ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ርካሽ ትኬት ያገኛል፤ ባቡሩ ከቦሎኛ የሚነሣው ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ያ ደግሞ ልክ ምሳ የሚቀርብበት ሰዓት ነው። ፍሎረንስ ደርሶ፣ ሻንጣውን አስቀምጦ፣ ታጥቦ ሲወጣ 9 ሰዓት ሆኗል። ደህና ደህናዎቹ ወጥ ቤቶች ተዘግተዋል። የቀረው ቀኑን ሙሉ ክፍት የሆነው፣ በሩ ላይ የምግብ ፎቶ የለጠፈውና አስተናጋጁ መንገድ ላይ ወጥቶ በአምስት ቋንቋ የሚጣራው ቤት ነው። እዚያ ገብቶ ከውሃ የወጣ ፓስታ በውድ ዋጋ ይበላና «የጣሊያን ምግብ ሲወራለት እንጂ…» እያለ ይመለሳል። ምግቡ አልነበረም ጥፋቱ፤ ሰዓቱ ነው።

ሰዓቱ እንዲህ ነው። ምሳ ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ተኩል ይቀርባል፤ ራት ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በፊት እምብዛም አይገኝም። በመካከሉ ወጥ ቤቱ ያርፋል። የጣቢያው ሰሌዳ የሚቆጥረው በ24 ሰዓት ስለሆነ፣ ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ይዛችሁ ከሆነ ሁለቴ አስረዱት፤ 15:00 ማለት የኛ 9 ሰዓት ነው። ይህን 9 ሰዓት ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ባቡሩ። የጣሊያንን ባቡር በሁለት ክፈሉት። አንዱ ፈጣኑ ነው፤ ትሬኒታሊያ ፍሬቻሮሳ ብሎ ያስኬደዋል፣ ተፎካካሪው ኢታሎም አለ። በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ከሮም ኔፕልስ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ ቢወስድ ነው። ዋጋው እንደ አውሮፕላን ትኬት ነው፤ ቀደም ብሎ ለገዛ ይረክሳል፣ ቀኑ ሲቃረብ ይሰቀላል። ርካሹ ትኬት ደግሞ ከተጻፈበት ባቡር ውጭ አያሳፍርም፤ ካመለጣችሁ ተቃጠለ። ሌላው ሬጆናሌ የሚሉት የክልል ባቡር ነው። ዋጋው በርቀት የተተመነ ስለሆነ ከወር በፊት ብትገዙትም፣ ሊነሣ 10 ደቂቃ ሲቀረው ብትገዙትም ያው ነው። የተያዘ ወንበር የለም፤ ክፍት ያገኛችሁበት ትቀመጣላችሁ። በየከተማው ይቆማል።

እኔ ቀርፋፋውን ነው የምወደው፤ ምክንያቱም ምሳ አያስቸኩልም። በተለይ የኤሚሊያን መስመር ሞክሩት። ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ187 ከሪሚኒ እስከ ፒያቼንሳ ቀጥ አድርገው የጠረጉት መንገድ ነበር፤ የዛሬው የባቡር ሐዲድ ጎን ለጎን ይከተለዋል። ፓርማ፣ ሬጆ፣ ሞዴና፣ ቦሎኛ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተደርድረዋል፤ በሞዴናና በቦሎኛ መካከል ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። አንድ ቦታ አልጋ ይዛችሁ፣ ሻንጣችሁን ሳትጎትቱ፣ ጠዋት አንዱ ከተማ ትሄዳላችሁ፣ ትበላላችሁ፣ ማታ ትመለሳላችሁ። ምሳው ከረዘመ የሚቀጥለው ባቡር አለ። ኢንተርሬይል የሚባለውን የጋራ ትኬት ለጣሊያን ብቻ ብላችሁ አትግዙ፤ ፈጣኑ ላይ ለወንበር ተጨማሪ ያስከፍላል፣ የክልሉ ደግሞ ለብቻው ሲገዛም ርካሽ ነው።

አንድ ጥብቅ ነገር። የወረቀት የክልል ትኬት ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ላይ ባለችው ትንሽ ማሽን መመታት አለበት፤ ከተመታ በኋላ ለ4 ሰዓት ያገለግላል። በስልክ የገዛችሁትም ከመሳፈራችሁ በፊት ቼክ-ኢን ይፈልጋል። የከተማ አውቶቡስ ትኬትም እንዲሁ ነው፤ ትኬቱን «ቲ» የሚል ምልክት ካለው የትምባሆ ሱቅ ትገዙና አውቶቡሱ ውስጥ ታስመታላችሁ። እኔ ይህን የተማርኩት ከፍዬ ነው። አንድ ከተማ ውስጥ ትኬቴን በእጄ ይዤ ተቀምጬ ሳለ ተቆጣጣሪው መጣ። አየው፣ አልተመታም። ገዝቼዋለሁ ብል፣ ቀኑን ባሳየው፣ የሚሰማ አላገኘሁም። የአምስት ቀን ምሳዬን የሚያህል ቅጣት እዚያው በካርድ ከፈልኩ። ሕጉን አልወቅስም፤ ያልተመታ ትኬት ነገም ሊሠራበት ይችላላ። የሚቆጨኝ ማንም ቀድሞ ሳይነግረኝ መቅረቱ ነው፤ እናንተን ግን ይኸው ነገርኳችሁ።

ጣቢያ ግድግዳ ላይ ቢጫው ወረቀት የመነሻ ሰዓት ነው፤ ነጩ የመድረሻ። ቢናሪዮ ማለት ሐዲዱ፣ የምትሳፈሩበት መስመር ነው። ፌርማታን ማስተርጎም አያስፈልጋችሁም፤ ቃሉን ከነሱ ነው የወሰድነው። ሾፔሮ የምትለዋን ቃል ግን አጥኑልኝ፤ የሥራ ማቆም አድማ ማለት ናት። አድማ ጣሊያን ውስጥ የተለመደ ነው፣ ግን ቀኑ አስቀድሞ ይነገራል፤ በሥራ ቀን ከሆነ ከ6:00 እስከ 9:00 እና ከ18:00 እስከ 21:00 በነሱ አቆጣጠር ለክልል ባቡሮች የተጠበቀ ሰዓት አለ። ማለትም በሥራ ቀን በዋለ አድማ ማለዳ ሄዶ፣ ተረጋግቶ በልቶ፣ ማታ መመለስ ይቻላል።

ስለ ወረቀት ጉዳይ በአጭሩ ልለፍ። እዚህ የመኖሪያ ፈቃድ ያለን ሰዎች ፓስፖርትና ካርዳችንን ይዘን በሌሎቹ የሼንገን አገሮች በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን መቆየት እንችላለን። ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ጥገኝነት ጠያቂ በያዛት ወረቀት ግን አይሞክረው። ሁለቱንም፣ ፓስፖርቱንም ካርዱንም ያዙ፤ ስትመለሱ ከኦስትሪያ ወደ ጀርመን ሲገባ ፖሊስ ባቡሩ ውስጥ ይፈትሻል። ከአዲስ አበባ እናት ወይም አባት ልታስመጡ ያሰባችሁ ደግሞ ጊዜ ይኑራችሁ፦ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ለኢትዮጵያውያን የቪዛ ውሳኔ የሚሰጥበትን መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። ማመልከቻው የሚገባው ረዘም ያለ ጊዜ ለሚቆዩበት አገር ነው፤ የጉዞ መድኑም ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት።

እናቴን ያስመጣሁት በዚህ መንገድ ነው። ወደ 9 ሰዓት የምመለሰውም አሁን ነው።

እናቴ የመጣችው በነሐሴ ነበር፤ ፍልሰታ ውስጥ ማለት ነው። ሁለት ሳምንት ጣሊያንን ላዞራት አቅጄ ነበር፤ ምሳ ቤቶቹን ሁሉ ከነሰዓታቸው በደብተር ጽፌያለሁ። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል እንደማትነካ አውቄ መርጫለሁ። የረሳሁት ሌላ ነገር ነው። ጄኖቫ ደርሰን፣ በመጀመሪያው ቀን 7 ሰዓት ላይ ጠረጴዛ ይዘን ልንቀመጥ ስንል፣ «አንቺ ብዪ፣ እኔ እስከ 9 ሰዓት አልቀምስም» አለችኝ። ለካ ስልሳ ስምንት ዓመቷን፣ ስኳሯን፣ የጉዞውን ድካም ሁሉ ቆጥሬ ትተወዋለች ብዬ ነበር። «ስኳርሽስ?» ብላት፣ «የነፍስ አባቴም ሐኪሜም ያውቃሉ» አለች። አለቀ።

እሷ እየጠበቀች እኔ አልበላም። ስለዚህ 9 ሰዓት እስኪሆን በጄኖቫ ጠባብ መተላለፊያዎች ዞርን። ካሩጂ ይሏቸዋል፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉ አሉ፤ ለነሐሴ ፀሐይ ግን መድኃኒት ናቸው። 9 ሰዓት ሲደውል የመረጥኩት ቤት ወንበሩን ጠረጴዛው ላይ ሰቅሎ ነበር። ሁለተኛው ቤትም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። እናቴ ምንም አላለችም፤ እኔ ግን ዓይኔ እንባ ሞላ። በዕድሜዋ ሙሉ ስትቀቅልልኝ፣ ስትጋግርልኝ የኖረችን ሴት አምጥቼ አንድ ምሳ ማብላት አቃተኝ።

ወደ አሮጌው ወደብ ስንወርድ ሶቶሪፓ የሚባል በድንጋይ ቅስት የተከለለ መንገድ አለ። በሩ የጠበበ፣ ውስጡ በጭስ የጠቆረ ቤት አገኘን። ሰውዬው ከእንጨት እሳት ምድጃ ውስጥ የኛን ትልቁን ምጣድ የሚያክል የመዳብ ትሪ ሳበ፤ ላዩ ወርቅ መስሎ ጠርዙ የተጠበሰ ነገር። ፋሪናታ ነው። ከምን እንደሚሠራ እናቴ አስጠየቀችኝ። የሽምብራ ዱቄት፣ ውሃ፣ የወይራ ዘይት፣ ጨው፤ ሌላ ምንም። ተረጎምኩላት። ወረቀት ላይ ቆርጦ፣ ቁንዶ በርበሬ ነስንሶ ሰጣት። አማተበች፣ ቀመሰች፣ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ «ታዲያ ይኼ ሽሮ አይደል? እነሱ ጋገሩት እንጂ» አለች። ሦስት ጊዜ ቆርጦ ሰጣት።

ያን ዕለት ማታ ደብተሬን ይዤ እቅዱን እንደገና ጻፍኩት፤ ከዚያ ወዲህ ለማንም ሰው የምመክረው ይህን ነው። ምሳው 9 ሰዓት ከሆነ 9 ሰዓት ይሁን፤ ቀኑ ለሱ ይታዘዝ። ባቡር የምንሳፈረው ሌላው ሰው ምሳ በሚበላበት ሰዓት ሆነ። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ እሷ በመስኮት እያየች፣ ውዳሴ ማርያሟን እየደገመች እንጓዛለን፤ 9 ሰዓት ሲሆን ደርሰን፣ ቀኑን ሙሉ የማይዘጉት ቤቶች በር ላይ ነን።

እነዚያ ቤቶች የትኞቹ ናቸው? አንደኛ ፎርኖ፤ ዳቦ ጋጋሪው። የፎርኖ ዱቄት ስንል የኖርነው ያው ፎርኖ ነው። ሮም ውስጥ ፎርኖ ከገባችሁ ፒዛ ሮሳ በሉ፤ ቲማቲምና የወይራ ዘይት ብቻ የተቀባ ስስ ፒዛ ነው፣ አይብ የለውም። ፒዛ አል ታሊዮ የሚሉት ቤት ደግሞ ከትልቅ ትሪ በመቀስ ወይም በቢላ ቆርጦ በሚዛን ይሸጣል፤ ኤቶ ማለት 100 ግራም ነው፣ በር ላይ የተጻፈው ዋጋም ብዙ ጊዜ የኤቶ ነውና ልብ በሉ። የጥብሳ ጥብሱ ቤት ፍሪጂቶሪያ ይባላል። ገበያዎቹ ግን ከሰዓት በፊት ናቸው፤ ወደ 8 ሰዓት ላይ ይዘጋሉ፣ ፍራፍሬና የወይራ ፍሬ ጠዋት ግዙና ያዙ።

የጾም ምግብ ጉዳይ ከተነሣ አይቀር ልዘርዝረው፤ ብዙ ሰው «አውሮፓ ሄጄ ጾሜን ዳቦና ድንች በልቼ ጨረስኩ» ሲል እሰማለሁና። ጣሊያን የድሀ ገበሬ ወጥ ቤት ነው፤ ሥጋ ለዘመናት የበዓል ነገር ነበር። ኔፕልስ ውስጥ ፒዛ ማሪናራ አለ፦ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖ፣ ዘይት። አይብ የለውም፤ ስሙ ከመርከበኞች ነው እንጂ ዓሣም የለበትም። ከዝርዝሩ ሁሉ ርካሹ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። የኔፕልስ የፒዛ ጋጋሪዎች ሙያ እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ ከዚያ ሙያ ዋነኛ ፒዛዎች አንዱ ይህ የጾም ፒዛ ነው። ወደ ፑልያ፣ ወደ ባሪ ብትወርዱ የደረቀ ባቄላ ተከክቶ ከመራራ ጎመን ጋር ይቀርባል፤ ፋቬ ኤ ቺኮርያ ይሉታል። ሮም ቺኮርያ ሪፓሳታ ብላችሁ እዘዙ፤ በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ መሰል ደረቅ ቃሪያ የታሸ ጎመን ነው። ቶስካና የቦሎቄና የደረቀ ዳቦ ሾርባ አለ፣ ሪቦሊታ። ሲሲሊ ካፖናታ አለ፣ ኤግፕላንት በቲማቲምና በኮምጣጤ።

የፓስታው ሕግ ቀላል ነው። ደረቁ ፓስታ፣ ስፓጌቲ፣ ሪጋቶኒ፣ ከዱረም ስንዴና ከውሃ ብቻ ነው። እርጥቡ፣ በእጅ የተዳመጠው፣ በተለይ የቦሎኛው ታሊያቴሌ፣ ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበት። የጄኖቫ ፔስቶ አረንጓዴ ስለሆነ አያታልላችሁ፤ አይብ ገብቶበታል። ሾርባ ስትጠይቁ መረቁን ጠይቁ፤ ብሮዶ የሥጋ ሊሆን ይችላል። አሁን አሁን ግን አንድ ቃል ብቻ በቂ ነው፦ «ቬጋኖ»። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ አይንካኝ ብላችሁ አንድ በአንድ ከምትቆጥሩ ይህችን ቃል በሉ፤ አስተናጋጁ ይገባዋል። ዓሣንም ትከለክላለች።

ከጾም ይልቅ ጥንቃቄ የሚፈልገው አሳማ ነው፤ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም። ማያሌ ማለት አሳማ ነው፤ ይህን ቃል ግን ዝርዝሩ ላይ ብዙ ጊዜ አታገኙትም። የምታገኙት ፕሮሹቶ፣ ፓንቼታ፣ ጓንቻሌ፣ ስፔክ፣ ሞርታዴላ፣ ሳላሜ፣ ላርዶ ነው፤ ሁሉም እሱ ነው። ካርቦናራና አማትሪቻና የሚባሉት ፓስታዎች ጓንቻሌ አለባቸው። የሚደበቀው ስትሩቶ ነው፤ የአሳማ ስብ። በኤሚሊያ ሮማኛ ፒያዲና የሚሉት ቂጣ ሊጥ ውስጥ በባህሉ ይገባል፤ በወይራ ዘይት የተሠራም አለና ጠይቁ። «ቼ ማያሌ?» ማለት «አሳማ አለበት?» ነው። ያለ ኀፍረት ጠይቁ፤ ጣሊያኖች ስለ ምግብ በሚጠየቁ ጥያቄ አይሰለቹም፣ እንዲያውም ወጥ ቤቱን ጠርተው ያስረዷችኋል።

እዚህ ላይ ቦሎኛን ማንሣት ግድ ነው። ቦሎኛን ራሳቸው ጣሊያኖች «ላ ግራሳ» ይሏታል፣ ስብ የሞላት እንደማለት። ለምግባቸው ያላቸውን ክብር ተመልከቱ፦ የታሊያቴሌ ስፋት ተቀቅሎ 8 ሚሊ ሜትር እንዲሆን እ.ኤ.አ. በ1972 በንግድ ምክር ቤቱ አስመዝግበዋል። ራጉ የሚሉትን የሥጋ ስጎ አሠራርም በ1982 አስመዝግበዋል። በዚያ ራጉ ውስጥ ከበሬ ሥጋው ጋር ፓንቼታ አለ። ቶርቴሊኒ የሚሉት ትንሹ የተሞላ ፓስታ ውስጥም የአሳማ ሥጋ፣ ፕሮሹቶና ሞርታዴላ አለ። በየቤታችን «ቦሎኔዝ» እያልን የምንሠራው የበሬ ብቻ ነው፤ እዚያ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ታዲያ ቦሎኛ አትሂዱ እያልኩ አይደለም፤ እኔ ከሁሉም የምወዳት ከተማ ናት። በሪኮታና በቅጠል የተሞላውን ቶርቴሎኒ በቅቤና በሳልቪያ እዘዙ። ከበላችሁ በኋላ 666 ቅስት ባለው በረንዳ ሥር ወደ ሳን ሉካ ቤተ ክርስቲያን ውጡ፤ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዝናብ ቢመጣ አይነካችሁም። ጣቢያው ላይ ደግሞ አንድ ሰዓት አለ፣ 10:25 ላይ የቆመ። ተበላሽቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 1980 በዚያ ሰዓት ተሳፋሪዎች መቆያ ክፍል ውስጥ ቦምብ ፈንድቶ 85 ሰው ሞቷል። ባቡር ስትጠብቁ ዓይናችሁ ቢያርፍበት ምን እንደሆነ እወቁ።

ቡና። የኛ ሰው እዚህ ይሸወዳል። ጣሊያን ባር የሚሉት የኛን ካፌ ነው፤ ጠዋት ሰው ሁሉ ባንኮኒው ላይ ቆሞ ጠጥቶ ይሄዳል። ባንኮኒ ላይ ቆሞ የሚጠጣው ቡና ከአንድ ዩሮ ብዙም አይዘል፤ ያንኑ ስኒ ተቀምጣችሁ ከጠጣችሁ፣ በተለይ በታወቁ አደባባዮች፣ ዋጋው ሊባዛ ይችላል። ሁለቱም ዋጋ ግድግዳ ላይ ተለጥፏልና እዩት። ጣቢያ አካባቢ ባሉት ደግሞ አስቀድማችሁ ካሳ በሚሉት ገንዘብ መቀበያ ላይ ከፍላችሁ፣ ደረሰኙን ባንኮኒው ላይ ታስቀምጣላችሁ። ማኪያቶ ስትሉ የኛ ማኪያቶ አይመጣም፤ ትንሽዬ ስኒ ጥቁር ቡና ላይ ወተት ጠብ ተደርጎበት ነው የሚመጣው። የኛን የሚመስል ከፈለጋችሁ ካፌ ላቴ በሉ። ላቴ ብቻ ካላችሁ ግን ባዶ ወተት ትጠጣላችሁ።

ተቀምጦ ለሚበላ፦ ፕሪሞ ፓስታው ወይም ሾርባው ነው፣ ሴኮንዶ ሥጋው ወይም ዓሣው፣ ኮንቶርኖ አትክልቱ፤ ሥጋው ብቻውን ይመጣል፣ አትክልቱ ለብቻ ይታዘዛል። ሁሉንም ማዘዝ ግዴታ አይደለም፤ ፕሪሞና ኮንቶርኖ ብቻ ብትበሉ ማንም አይገላምጣችሁም። ኮፔርቶ የሚል ሒሳብ ታያላችሁ፤ ለዳቦውና ለጠረጴዛው በሰው የሚከፈል ነው፣ ጥቂት ዩሮ፤ ማጭበርበር አይደለም፣ ዝርዝሩ ላይ ተጽፏል። ጉርሻ የግድ አይደለም። በሥራ ቀን «ፕራንዞ ዲ ላቮሮ» የሚል ጽሑፍ በር ላይ ካያችሁ ግቡ፤ የሠራተኛ ምሳ ማለት ነው። በአንድ ቁርጥ ዋጋ ፕሪሞ፣ ሴኮንዶ፣ ውሃ፣ አንዳንዴም ቡና ይጨምራል። ቀለም ቀቢውና የባንክ ሠራተኛው ጎን ለጎን ተቀምጠው ካያችሁ ቤቱ ጥሩ ነው። በነዚህ ቤቶች ራት ብትመጡ ያንኑ ምግብ በእጥፍ ዋጋ ትበሉታላችሁ፤ ምሳውን አስቀድሙ የምለው በዚህም ምክንያት ነው።

ሮም ላይ የምጨምረው አለኝ። ተርሚኒ ጣቢያ ወጥታችሁ የምትረግጡት አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኬቼንቶ ይባላል፤ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ እ.ኤ.አ. በጥር 1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው ወታደሮች ናቸው። በሚሊዮን የሚቆጠር መንገደኛ ሳያውቀው ያልፋል፤ እናንተ ግን አውቃችሁ እለፉ። እናቴን ቺርኮ ማሲሞ የሚባለው የሜትሮ ፌርማታ አጠገብ ወሰድኳት፤ የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ የቆመበት ቦታ ነው። በ2005 ወደ አገሩ ተመልሶ በ2008 አክሱም ላይ ዳግም ቆሟል። የቀረውን ባዶ ቦታ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችው። «እንኳን ባዶ ሆነ» አለች።

ከዚያ ቲቤር ወንዝ ዳር ወዳለው የአይሁድ ሰፈር በእግር ይደረሳል። ጳጳስ ጳውሎስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1555 አይሁዶችን አጥሮ ያስገባበት ሰፈር ነው። ከዚያ መከራ ውስጥ የወጣ ምግብ አለ፤ አርቲቾክ የሚባለውን አትክልት እንደ አበባ ከፍቶ በዘይት መጥበስ። ኮሸር በሚሉት የአይሁድ የምግብ ሕግ የሚሠሩት ቤቶች አሳማ ፈጽሞ አያስገቡም፤ ስለዚህ ሮም ውስጥ ሳትጠይቁ፣ ሳትጠራጠሩ የምትበሉባቸው ቤቶች እነዚህ ናቸው። ዓርብ ማታና ቅዳሜ ቀን ግን እነዚያ ቤቶች ዝግ ናቸው። ለውሃ ገንዘብ አትክፈሉ፤ ሮም ጎዳናዋ ላይ ናሶኒ የሚሏቸው ከ2,000 በላይ የብረት ቧንቧዎች ሌት ተቀን ቀዝቃዛ የመጠጥ ውሃ ያወርዳሉ። ኮዳ ያዙ።

በነሐሴ ለምትሄዱ አንድ ቀን ላስጠንቅቃችሁ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 15 ፌራጎስቶ ነው፤ አገር ሙሉ ይዘጋል፣ ሰው ባሕር ዳር ይወርዳል። የእመቤታችን የዕርገት በዓላቸውም ነው። የኛ ከሳምንት በኋላ፣ በኛ አቆጣጠር ነሐሴ 16 ይውላል። በፌራጎስቶ ቀን እናቴና እኔ ወደ ሲሲሊ በሚሄደው ባቡር ላይ ነበርን፤ ሁሉ ከተዘጋ መጓዙ ይሻላል ብዬ። ምሳችንን በዋዜማው ከፎርኖ ገዝተን ይዘናል።

ያ ባቡር ቪላ ሳን ጆቫኒ ሲደርስ ይቆራረጥና ፉርጎው ከነተሳፋሪው መርከብ ሆድ ውስጥ ይገባል። ባሕሩን እንዲያ ተሻግሮ መሲና ላይ ሐዲዱን ይቀጥላል። እናቴ ባቡር መርከብ ላይ ይጫናል ስላት አላመነችኝም ነበር። ደረጃውን ወጥተን መርከቡ ጫፍ ላይ ቆምን። ሰዓቷን አየች፤ 9 ሰዓት ከሩብ ነበር። ፌስታሉን ፈታች፣ ፒዛ ሮሳውን ለሁለት ከፈለች፣ ትልቁን ለኔ ሰጠችኝ።

በማግስቱ ፓሌርሞ፣ ባላሮ ገበያ ውስጥ፣ ፓኔሌ የሚሉትን ስስ ጥብስ ዳቦ ውስጥ አድርገው ሸጡልን። እናቴ ገና ሳልጠይቅላት ጠረኑን ሰምታ «ሽምብራ ነው» አለች።